የግርጌው ጉብጥ

በእኛ ፋብሪካ ልብ የሚዘረጋው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያ ሰው ለረጅም ዘመን አባቴ ነበር። እኔ መስበሪያ ክፍል ነው የምሠራው። መዶሻ ይሉኛል። ግማሹ ስለያዝኩት ዕቃ ነው፣ ግማሹ ስለ ምላሴ፤ የትኛው እንደሚያመዝን ጠይቄ አላውቅም።

ልብ ስላችሁ ደረት ውስጥ ያለው እንዳይመስላችሁ። ምድጃችንም ድስት የሚጣድበት ምድጃ አይደለም። አውቶቡስ የሚያህል ገንዳ ነው። ግራና ቀኙ ጡብ ነው፤ ሥራው ሲያልቅ ስለሚፈርስ ጡቡ በሲሚንቶ አልተያያዘም። ራስጌውና ግርጌው ላይ ኤሌክትሪክ የሚያስገቡ ወፋፍራም ዘንጎች አሉ። ገንዳው እስከ ግማሹ በነጭ አሸዋ፣ በተፈጨ ኮክ ከሰልና በሰጋቱራ ድብልቅ ይሞላል። ከዚያ መሃል ለመሃል ቦይ ይቆፈርና ከራስጌ እስከ ግርጌ እርሳስ ውስጥ ያለው ዓይነት የግራፋይት ፍርፋሪ ይዘረጋበታል። ልቡ ይሄ ነው። በላዩ የቀረው ድብልቅ ይከመርና መብራት ይለቀቅበታል። ልቡ ይግላል፣ አሸዋውና ከሰሉም ሙቀቱ ሲበረታባቸው ተዋህደው ሌላ ነገር ይሆናሉ። ሰጋቱራው ተቃጥሎ በተወው ቀዳዳ ጋዙ እየወጣ ክምሩ ላይ በሰማያዊ ነበልባል ይነድዳል። ጋዙ መውጫ ሲያጣ ግን ምድጃው ያስነጥሳል እንላለን፤ ሲያስነጥስ ፊቱ የቆመ ሰው ወዮለት።

ከቀናት በኋላ ሲበርድ ጡቡ ይፈርሳል፣ ያልበሰለው ይጠረጋል፣ ልቡን ከቦ የበሰለው ረጅም ግንድ ይወጣል። ግንዱን ሰብረን ጥሩውን ከገለባው የምንለየው እኛ ሴቶቹ ነን። ውስጡ ጥቁር ክሪስታል ነው፣ አንዳንዱ አረንጓዴ ይላል፣ ፊቱ ላይ ደግሞ ነዳጅ የፈሰሰበት ኩሬ ዓይነት ኅብረ ቀለም አለው። ወረቀት ላይ ሲሊከን ካርባይድ ተብሎ ይጻፋል። እኛ ጥቁሩ እንለዋለን።

ቢላችሁን የምትስሉበት ድንጋይ፣ አናጢው እንጨት የሚያለሰልስበት የብርጭቆ ወረቀት፣ ብዙ ጊዜ ከኛ ጥቁር ነው የሚሠራው። የሸክላ ፋብሪካዎች ሰሃን ሲተኩሱ የሚደረድሩበት መደርደሪያም ከሱ ነው፤ እሳት ውስጥ እየኖረ አይጎብጥም። የፈጣን መኪና ፍሬን ይሆናል፣ ደረት ላይ ታስሮ ጥይት የሚመልስ ሰሌዳ ይሆናል። አሁን አሁን ደግሞ በጣም የጠራውን ዓይነት ሌላ ቦታ አሳድገው፣ በስሱ ቆርጠው፣ የኤሌክትሪክ መኪና ሆድ ውስጥ ይከቱታል አሉ። ያ እንኳ የኛ ሳይሆን የዘመድ ልጅ ነው። ጥንካሬው ከአልማዝ ብዙ አይርቅም። አይቀልጥም፤ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍበት ፈርሶ ሲሊከኑ ይተናል፣ የሚቀረው ጣት የሚያቆሽሽ ለስላሳ ግራጫ ነገር ነው። ይቺን አስታውሱልኝ፣ ጠቡ የመጣው ከዚህ ነውና።

ልብ መዘርጋት ቀላል ይመስላል። ግን መብራት ቀጭን ቦታ ካገኘ ሙቀቱን ሁሉ እዚያ ይከምረዋል፤ እዚያ ላይ ያለው ጥቁር ተቃጥሎ ግራጫ ይሆናል። ይህን ወገብ እንለዋለን። ወፍራም ቦታ ካገኘ ደግሞ ይለግማል፣ ዙሪያውም ጥሬ ይቀራል፤ ይህ ሆድ ነው። ልቡ ወደ ታች ካዘነበለ ግንዱ ጎብጦ ከሥሩ አሸዋው እንደ አሸዋ ይወጣል፤ ይህ ጉብጥ ነው። ደህና የተዘረጋ ልብ ስም የለውም፤ "ምድጃው ዛሬ ሰጠ" ይባላል፣ አለቀ። የተበላሸ ግን በዘርጊው ስም ይጠራል። ከአባቴ በፊት የነበረው ዘርጊ ከሞተ ብዙ ጊዜው ነው፣ የሱ ሆድ ግን እስካሁን በምሳ ሰዓት ይወራል።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ። ሴት ገንዳ አትገባም። ድብልቁን እንጭናለን፣ ግንዱን እንሰብራለን፣ አቧራውን እኩል እንውጣለን፤ ገንዳው ውስጥ ግን እግራችን አይረግጥም። ሕጉን የሚያስከብረው የምድጃው አለቃ ነው። እሱም የነፍስኄር እናቴ ታናሽ ወንድም፣ ማለትም አጎቴ ነው።

"ለምንድን ነው የማንገባው፣ ጋሼ?" ብዬ ጠይቄው ነበር አንድ ጊዜ።

"ምድጃው ያስነጥሳል።"

"ሴት ሳትገባበትም እኮ ያስነጥሳል። አምና የጣሪያውን ቆርቆሮ ያነሳው ማን ገብቶበት ነው?"

አሰበበት። "ሥራው ከባድ ነው" አለኝ ቀጥሎ።

"መዶሻው ይቀላል?"

"ወንዶቹ እዚያ ልብስ ይቀይራሉ።"

ወሩ ሳያልቅ ሌላ ምክንያት ሰማሁ፣ እሱም ስለ ቀሚስና ስለ መብራት የሆነ ነገር ነበር። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ሕጉ ምክንያት የለውም። ምክንያት ያለው ነገር ምክንያቱን እንደ ካልሲ አይቀያይርም።

እኔ ደግሞ ልብ መዘርጋት አውቃለሁ። ያስተማረኝ አባቴ ነው። ልጅ ሆኜ ከእራት በኋላ ጠረጴዛው ላይ ስኳር ያፈስልኝና በማንኪያ ጀርባ ከአንድ ጠርዝ እስከ ሌላው እንድዘረጋው ያደርገኝ ነበር። "ስንዝርሽን ተጠቀሚ፣ ዓይን ይዋሻል" ይለኛል። ወንድሜም አጠገቤ ይቀመጣል፤ እሱ ግን ስኳሩን ይልሰዋል። እናቴ ሁለታችንንም ትገርፈን ነበር፣ እኔን ስኳር ስላቆሸሽኩ፣ እሱን ስለበላ። ከዚያ በኋላ ባለፈው ዘመን ሁሉ ከመስበሪያው ስመለስ አባቴ "ዛሬ ግንዱ እንዴት ነበር?" ይለኛል፣ እኔም ከራስጌ እስከ ግርጌ እነግረዋለሁ። የዘረጋው እሱ ነው፣ ውስጡን የማየው እኔ ነኝ።

አባቴ ዓይኑ ከደከመ ቆየ። ሻዩ ውስጥ ጨው ጨምሮ ሳይናገር ጠጥቶታል፤ እልኸኛ ነው። ፋብሪካው ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም፤ ግን ሁሉም "ዓይኑ ቢደክም መዳፉ ያያል" ይላሉ። ልቡን ሲጨርስ ተንበርክኮ በመዳፉ ከዳር እስከ ዳር ይዳስሰዋል፣ ወንዶቹም ትንፋሻቸውን ውጠው ይጠብቁታል። እኔም አምን ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ግን አሁን ከእሳት የወረደ ሻይ የተቀዳበት ብርጭቆ በሙሉ እጁ ጨብጦ ወሬውን ሲቀጥል አየሁት። እኔ ጫፉን ብነካው ጣቴን ላጠኝ። በዚያ ሁሉ ዘመን ግለት መዳፉ ቆዳ ሳይሆን ጫማ ሆኗል። ብርጭቆውን ከእጁ ተቀብዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት።

ከዚያ ግንዶቹ ወገብ ማውጣት ጀመሩ። መጀመሪያ ትንሽ ነበር፣ ቀጥሎ ግን መሃሉ ላይ መዶሻዬን ሳሳርፍ የሚጮኸው ጥቁር ቀርቶ ግራጫው እንደ አመድ ተናደ። ማታ ቤት ስገባ ጠየቀኝ።

"ወገብ አውጥቷል፣ አባዬ።"

"የት ጋ?"

"መሃሉ ላይ። ባለፈውም እዚያው ነበር።"

"ግራፋይቱ ነው። ፍርፋሪውን ደቃቅ እያደረጉት ነው።"

"ፍርፋሪው ያው ነው። አንተ ነህ። መዳፍህ አይሰማም፣ አባዬ።"

ብድግ አለ። አባቴ ሲቆጣ ድምፁ ዝቅ ይላል፣ ይሄ ነው የሚያስፈራው። "ስኳር ስትበትኚ ያየሁሽ አንቺ፣ እኔን ልታርሚኝ ነው?"

"እንግዲያው እኔን አስገባኝ። እኔ ልዘርጋው፣ አንተ አጠገቤ ቁም።"

"ሴት ገንዳ አትገባም።"

ከአጎቴ አፍ ሲሆን ያስቀኝ ነበር። ከሱ አፍ ስሰማው ግን አላሳቀኝም። "ታዲያ ለምን አስተማርከኝ?"

"ትጠይቂኝ ነበር። ጠየቅሽኝ፣ ነገርኩሽ።"

"ወንድሜን ግን ሳይጠይቅህ ነው ያስተማርከው።"

ጀርባውን ሰጥቶኝ ተኛ፣ እኔም ሳህኑን እያንጓጓሁ አጠብኩ፤ እንዲሰማው ብዬ ነው።

አጎቴም ዕውር አይደለም። ሦስተኛው ግንድ ወገብ ሲያወጣ አባቴን ቢሮው ጠርቶ፣ ከዚያ ሁላችንንም ሰብስቦ ተናገረ፤ ጋሼ (አባቴን ማለቱ ነው) ደክመዋል፣ ከእንግዲህ ገንዳው ዳር የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠው ይመክራሉ፣ ልቡን የሚዘረጋው ልጃቸው ነው። ልጃቸው ያለው ወንድሜን ነው። ወንድሜን ጥጥ ይሉታል፤ ፎርክሊፍት ይነዳል፣ በፎርክሊፍቱ ደስተኛ ነው፣ ገንዳውን ሲያልፍ እንኳ በሩቁ ዞሮ ነው። ስሙ ሲጠራ እንደ ታሰረ ሰው ዙሪያውን አየ።

"እኔ አልችልም፣ ጋሼ" አለ። "እትዬ ናት የምትችለው።"

ወንዶቹ ሳቁ። አጎቴም ሳቀ። አባቴ አልሳቀም፣ ግን "እውነቱን ነው" አላለም። ያ ከሳቁ ሁሉ የበለጠ አናደደኝ።

የመብራት ተራችን እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ሌሎቹ ፋብሪካዎች ሲዘጉ። ተራው ካለፈ እስከሚቀጥለው እሁድ መጠበቅ ነው፤ ስለዚህ እሁድ ማንም ሰው ለመጨቃጨቅ ጊዜ የለውም። እኔ ይህን በደንብ አስቤበት ነበር ብል ውሸት ነው። እንደ ሌሎቹ ሴቶች መስበሪያው በር ላይ ቆሜ ነበር የማየው።

ገንዳው እስከ ግማሽ ተሞልቷል፣ ቦዩ ተቆፍሯል። አባቴ ገንዳው ዳር ባልዲው ላይ ተቀምጧል። ወንድሜ በሳንቃው ላይ ወርዶ አካፋውን ግራፋይቱ ውስጥ ከተተ፣ አነሳው፣ ቦዩ ላይ ያዘው። እዚያው ቀረ። ግራፋይቱ ከአካፋው ላይ እንደ ጨው ሲራገፍ እስከ በሩ ድረስ ይታያል።

"ምን ትጠብቃለህ?" አለ አጎቴ።

ወንድሜ ቀና ብሎ በሩ ላይ ፈለገኝ። "እትዬ፣ ነይ በናትሽ።"

ሄድኩ። መዶሻዬን አጠገቤ ለቆመችው ጎረቤቴ ሰጠሁና በሳንቃው ወረድኩ። አካፋውን ከእጁ ስቀበለው ወንድሜ ከእስር የተፈታ ያህል ተነፈሰ፣ ሁለት እርምጃ ያህል ዘሎም ከገንዳው ወጣ። ወንዶቹ ድንጋይ ሆነው ቀሩ። ምድጃው አላስነጠሰም። የሆነው ነገር ቢኖር አጎቴ መቅላቱ ነው።

"ውጪ" አለኝ።

"መብራቱ ስንት ሰዓት ነው የሚለቀቀው፣ ጋሼ?"

"ውጪ ብያለሁ።"

"ያውጡኝ።"

ወንዶቹን አየ። ግማሾቹ ሲቀጠሩ ጓንት አጠላለቅ ያሳየኋቸው ናቸው። አንዱ አሸዋውን በእግሩ ይጭራል፣ ሌላው ጣሪያውን ይመረምራል። እኔን ጎትቶ የሚያወጣ አልተገኘም፤ እሱም የእህቱን ልጅ በሰው ፊት ሊጎትት አይችልም።

"እሺ" አለ አጎቴ። "ሙሉት። የቀረውን ድብልቅ ሙሉት፣ ራሷ ትወጣለች።"

የቦዩን ግራና ቀኝ መሙላት ጀመሩ። አሸዋና ከሰሉ ቁርጭምጭሚቴን ቀበረው፣ ቀጥሎ እስከ ጉልበቴ መጣ። እኔ እየተንበረከኩ፣ እየተነሳሁ፣ ግራፋይቱን ከራስጌው ዘንግ ጀምሬ ዘረጋሁት። በአካፋው አፈሳለሁ፣ በሳንቃ እጠቀጥቃለሁ፣ በስንዝሬ እለካለሁ። ተናድጄ ነበር፤ ስናደድ እጄ አይንቀጠቀጥም፣ እንደውም ይረጋል። ሠራተኞቹም ቀስ በቀስ ወደ እኔ መወርወሩን ትተው ለልቡ ግድግዳ እንዲሆነው አስተካክለው ያስጠጉልኝ ጀመር። ማንም አላዘዛቸውም። ሥራ የሚያውቅ ሰው ቀጥ ያለ ነገር አጠገቡ ሲሠራ ማጣመም አይሆንለትም።

መሃሉን አልፌ ወደ ግርጌው ስጠጋ አባቴ ከባልዲው ተነሳ።

"አውርዱኝ" አለ።

ወንድሜ ክንዱን ይዞ አወረደው። የመጥቀጫው ድምፅ ጸጥ አለ። አባቴ ራስጌው ላይ ተንበርክኮ መዳፉን ልቡ ላይ አሳረፈና እንደ ድሮው በቀስታ መዳሰስ ጀመረ። ወንዶቹ ትንፋሻቸውን ዋጡ። እኔም ዋጥኩ፤ ስኳር ስዘረጋ የነበርኩት ልጅ ሆኜ ቀረሁ። መሃሉ ላይ ሲደርስ ቆመ። ወደ ኋላ ተመለሰ፣ እንደገና መጣ።

"እዚህ ጋ ወገብ አለው" አለ። "ጨምሪበት።"

መዳፌን ከመዳፉ አጠገብ አኖርኩ። በስንዝሬ ለካሁት። ከራስጌው ጋር አንድ ነው።

በዚያች ቅጽበት ሁሉም ነገር በእጄ ነበር። አንድ አካፋ ብጨምር ነገሩ በሰላም ያልቃል። አባቴ አሁንም የሚያይ መዳፍ ያለው ሰው ይሆናል፣ እኔም በእሱ ትእዛዝ የሠራሁ የእሱ እጅ ነኝ፣ አጎቴም የሚለው ያጣል። አባቴን እወደዋለሁ። በሰው ፊት ከማዋርደው እጄ ቢቆረጥ ይሻለኝ ነበር፣ ያኔ እንደዚያ ነው የተሰማኝ። ግን የጨመርኩት አካፋ ሆድ ይሆናል፣ ዙሪያውም ጥሬ አሸዋ። ልቡ ደግሞ አባት አያውቅም፣ የሚያውቀው ውፍረት ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ገንዳ የገባሁት የሌላ ሰው እጅ ለመሆን አልነበረም።

"አልጨምርም፣ አባዬ" አልኩት።

"እኔ ነኝ ያልኩሽ።"

"ሰምቻለሁ። እኩል ነው። አልጨምርም።"

"ሰማችሁ?" አለ አጎቴ ከላይ። "አባቷን ነው እንዲህ የምትመልሰው። ጋሼ፣ ይውጡ፣ እኔ አሁኑኑ አስወጣታለሁ።"

አባቴ አልተንቀሳቀሰም። መዳፉ እዚያው ነበር፤ እየደጋገመ ይጫነዋል፣ ከእጁ የሆነ ነገር እንደሚለምን ሁሉ። ከዚያ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

"ይህን ልብ ማነው የዘረጋው?" አለ፣ ሁሉም እንዲሰማው ጮክ ብሎ።

"እኔ ነኝ።"

"ካልሽ ሲከፈት አንቺ ትመቺዋለሽ።"

ይህ ልማዳችን ነው፤ ግንዱ ሲከፈት የመጀመሪያውን መዶሻ የሚያሳርፈው ልቡን የዘረጋው ነው፣ ሁሉም ቆሞ ያየዋል። አባቴ ይህን ብሎ በወንድሜ ክንድ ወጣ፣ ግርጌውን ሳይዳስስ። አጎቴ ሰዓቱን እያየ ይጮሃል፤ መብራቱ ደርሷል። የቀረችኝን የግርጌ ክፍል በጥድፊያ ዘረጋኋት፣ በስንዝር ለመለካትም ጊዜ አላገኘሁም። ከገንዳው ስወጣ ድብልቁ ተከመረ፣ መብራቱ ተለቀቀ። ትንሽ ቆይቶ ሰማያዊው ነበልባል ክምሩ ላይ ብቅ አለ፣ ከዳር እስከ ዳር።

ምድጃው እስኪበርድ አባቴ አላናገረኝም። ምሳውን እሠራለሁ፣ ይበላል፣ "እግዜር ይስጥልኝ" ይላል፣ እንደ እንግዳ። እኔም አልለማመጥኩትም። ትክክል ነኝ ብዬ አምኜ ነው የሠራሁት፤ ይቅርታ ብጠይቀው መዋሸት ይሆንብኛል። ሌሊቱን ግን ልቡን እየደጋገምኩ በሐሳቤ ዳሰስኩት። መሃሉን እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ። ግርጌውን ረስቼው ነበር።

የመክፈቻው ቀን ፋብሪካው ሁሉ ተሰበሰበ፤ ሥራ ያለውም የሌለውም፣ ከዕቃ ግምጃ ቤት ሳይቀር። ጡቡ ፈረሰ፣ ጥሬው ተጠረገ፣ ግንዱ ወጣ። አጎቴ እጁን አጣምሮ ቆሟል። መዶሻዬን አነሳሁና መሃሉን፣ አባቴ ወገብ አለ ያለበትን ቦታ መታሁት። አልተናደም። እንደ ደወል ጮኸ። ሲከፈት ከልቡ ዙሪያ ጥቁሩ ተደርድሮ ወጣ፣ ረዘም ረዘም ያለ፣ ብርሃን ሲያገኝ አረንጓዴና ወይን ጠጅ የሚመስል።

ከኋላዬ ያሉት ሴቶች አጉረመረሙ። ሁሉም የሚያየው አባቴን ነው።

"ከመሃሉ አንድ ስጪኝ" አለኝ።

ቆርሼ ሰጠሁት። አባቴ ጥቁሩን የሚፈትንበት የቆየ ልማድ አለው፤ ከኪሱ ትንሽ ጠርሙስ አውጥቶ ይጭርበታል። ግራጫው ሳይጮህ ይንሸራተታል፣ ጥሩው ግን ጠርሙሱን ያስለቅሰዋል። ዓይንም መዳፍም አይፈልግም። ጭሮ አዳመጠው። ጥርስ የሚያንገሸግሽ ድምፅ ወጣ። ደግሞ ጫረው፣ ደግሞም። ከዚያ ክሪስታሉን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

"እኩል ነበር" አለ። "የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። መዳፌ ሞቷል፣ ጓዶች።"

አባቴ እንዲህ ሲል ደስ ይለኛል ብዬ አስቤ ነበር። አልሆነም። ዓይኔ ሞላ፣ አቧራው ነው እንዳልል አቧራው ያን ቀን ተጠርጎ ነበር።

አጎቴ ግን ግንዱን ተከትሎ እየሄደ ነበር። ግርጌው ጋ ሲደርስ ጎንበስ አለ፣ ቀና ሲል ፊቱ በርቷል።

"ይሄስ?" አለ። "ኑና እዩት። ይሄስ የማን ነው?"

ሄጄ አየሁት። ግንዱ ግርጌው ላይ ወደ ታች ጎብጧል። ከጎበጠበት ሥር ጥሬ አሸዋ ነው፤ አንድ ጥሩ ቅርጫት የሚያህል ጥቁር ጠፍቷል። ያች በጥድፊያ ያለስንዝር የዘረጋኋት ክፍል ናት። አንገቴን መድፋት ነበረብኝ መሰለኝ። ሁሉም ያን ይጠብቁ ነበር።

"የኔ ነው" አልኩ።

"እኮ" አለ አጎቴ፤ ወደ ሰዉ ዞረ። "ሰማችሁ፣ የሷ ነው። እኔ እኮ ብያለሁ።"

"የሷ ነው ካልክማ" አለ አባቴ ከባልዲው ላይ ሆኖ፣ ተረጋግቶ፣ "እንደ ልማዳችን ስሙን አውጣለት። የማን ጉብጥ ነው?"

ሴቶቹ አጎቴን አልጠበቁትም። "የመዶሻ ጉብጥ" አለች ጎረቤቴ፣ ሳቅ ተነሳ፣ ወንዶቹም ተቀበሉት። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ግቢው ሁሉ ያወራው ስለ መዶሻ ጉብጥ ነበር። ጥበቃው ሳይቀር ስገባ ስወጣ "ጉብጧ እንዴት ናት?" አለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ተሰድቤ እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም። ምክንያቱም በእኛ ፋብሪካ ጉብጥ ያለው ሰው አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነው። የመስበሪያ ሠራተኛ ጉብጥ የላትም። የባልዲ ተሸካሚ ጉብጥ የለውም። ጉብጥ የሚኖረው ልብ ዘርጊ ብቻ ነው፣ አጎቴም በገዛ አፉ የኔ መሆኑን ለሕዝብ አውጇል።

ይህ የገባው ዘግይቶ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ላገኘው ሁሉ ጉብጡን ሲያወራ ከርሞ፣ እሁድ ሲመጣ ገንዳው ዳር ቆሞ ልብ የሚዘረጋ ሰው ፈለገ። ወንድሜ ፎርክሊፍቱ ላይ ወጥቶ በሩን ቆልፏል። አባቴ ባልዲው ላይ ነው። ሰዓቱ እየሄደ ነው።

እኔ መስበሪያው በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁት። ባለፈው እሱ ሳይጠራኝ ነው የገባሁት፤ ዛሬ ራሱ ጠርቶኝ እንድገባ ፈለግሁ። ጥጋብ በሉት።

ሰዓቱን አየ። እኔን አየ። ደግሞ ሰዓቱን አየ።

"መዶሻ" አለ በመጨረሻ፣ ወደ ሌላ እያየ። "ዛሬ ደግሞ ግርጌውን እንዳታጎብጪው።"

"ካልተጮኸብኝ አላጎብጠውም፣ ጋሼ።"

በሳንቃው ወረድኩ። ከግርጌው ጀመርኩ፣ በስንዝሬ እየለካሁ። አባቴ መጥቀጫዬን እየሰማ ራሱን ይነቀንቃል። መሃሉ ላይ ስደርስ ጮክ ብሎ ጠየቀ፤

"ማነው የሚዘረጋው?"

ያውቃል እኮ። የጠየቀው ለሌሎቹ ነው።

"ልብ ዘርጊዋ ናት" አልኩት፣ አካፋዬንም ሞላሁ።